የእትዬ ማንያህልሻል ዘጠና ስምንት ኢንች

ትልቅ ቴሌቪዥን አልወድም። የቴሌቪዥን ጠላት ሆኜ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። በሥራ ቀናት ፓኬጅ አደርሳለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኮለምበስ ላለ ሐበሻ ሁሉ ቲቪ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። ብዙ ሳሎን አይቻለሁ። የእኛ ሰው ቤት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያብደው በቲቪ ነው፤ አልጋ ሳይኖረው ቲቪ ይኖረዋል። ሱቅ ውስጥ ሲያየው፣ አዳራሹ ሰፊ ጣሪያው ሩቅ ስለሆነ፣ ትንሽ ይመስለዋል። ቤቱ ሲያስገባው ግን ሳሎኑን ይውጥበታል። ኳስ ለማየት የመጣ እንግዳ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አንገቱን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዟዙር ያመሻል። ሌላው ደግሞ «ከፋየርፕሌሱ በላይ ስቀልልኝ» ይላል፤ ከፍ ይልብሃል ብለው አይሰማኝም፤ በወሩ ደውሎ አንገቴን አመመኝ ይለኛል። ምን ላድርገው፣ ወጌሻ አይደለሁ!

ስለዚህ ጋሼ ሳህሌ ደውለው «ሲራክ፣ ዘጠና ስምንት ኢንች ገዝቻለሁና ናና ስቀልልኝ» ሲሉኝ በጣም ተናደድኩ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ። ሊንደን ውስጥ ካሉት ጠባብ አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው፤ ሳሎናቸው አንድ ሶፋ፣ አንድ ቡፌና አንድ ወፍራም እንግዳ ከያዘ ሞላ። ዘጠና ስምንት ኢንች ቲቪ ደግሞ በርዝመቱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል።

ለምን እንደገዙት ዛሬ ከሊንደን እስከ ሞርስ ሮድ የማያውቅ የለም፤ ባለቤታቸው እትዬ ማንያህልሻል በራሳቸው አፍ ስለተናገሩት እኔም መናገር እችላለሁ። የልጅ ልጃቸውን ፊት እንዲያዩበት ነው። ሕፃኑ ከተወለደ ስምንት ወር ሆኖት ነበር፤ በየጊዜው በቪዲዮ ይደወልላቸው ነበር፤ ፊቱን ግን አንድም ቀን አላዩትም።

መጀመሪያ እትዬ ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ጉለሌ ተወልደው፣ እዚያው ልብስ ሰፊ ሆነው ኖረው፣ ዲቪ ሲደርሳቸው ከባለቤታቸውና ከአንዲት ሴት ልጃቸው ከቢታንያ ጋር ኮለምበስ የገቡ ሰው ናቸው። እዚህም ከልብስ አልራቁም፤ ደንበኛ የመለሰው ልብስ የሚመረመርበት ዌርሃውስ ተቀጠሩ። እኔም አገሩን ስረግጥ የመጀመሪያ ሥራዬ እዚያው ስለነበር አጠገባቸው ቆሜ ሠርቻለሁ። እኔ ሸሚዙን አገላብጬ «ንጹህ ነው» ብዬ ላሳልፍ ስል፣ እሳቸው ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው «ሲራክ፣ ኮሌታው ሥር ሊፕስቲክ አለ» ይላሉ። ስፈልገው እውነትም አለ፤ የጤፍ ፍሬ ታህላለች። ሱፐርቫይዘሩ ስማቸውን መጥራት አልቻለም እንጂ ዓይናቸውን ያውቅ ነበር፤ የተጠራጠረውን ልብስ ሁሉ ወደ እሳቸው ያመጣ ነበር።

ዋናው ዝናቸው ግን ከሥራ ውጭ ነው። እኛ ሕፃን ስናይ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «በማን ወጣ?» አይደል? በዚህ ጉዳይ ኮለምበስ ውስጥ የመጨረሻው ችሎት እትዬ ማንያህልሻል ነበሩ። ክርስትና ይሁን ልደት፣ ሕፃን ያቀፈች እናት መጀመሪያ የምትሄደው ወደ እሳቸው ነው። ትክ ብለው ያዩትና «ግንባሩ የአባቱ ነው፤ አገጩ ግን ከሩቅ ነው የመጣው። ከአጎቶችሽ አገጩ ስርጉድ የሆነ አልነበረም?» ይላሉ። እናትየዋ ትደነግጣለች፤ ነበረ። ይግባኝ የለም። የእኔን ልጅ «ደግነቱ በእናቱ ወጣ» ብለው የፈረዱትም እሳቸው ናቸው፤ እውነት ስለሆነ አልተቀየምኩም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እነዚያ ዓይኖች መሐላቸው ላይ ደከሙ። መጀመሪያ ቀጥ ያለ ስፌት የተጣመመ ይመስላቸው ነበር፤ ቀጥሎ የሚያነጋግሩት ሰው ፊት ይጠፋባቸው ጀመር። ሐኪሙ እንዳስረዳቸው፣ የደከመው ቀጥታ የሚያየው የዓይናቸው ክፍል ነው፤ ዙሪያው ደህና ነው። ሰውን ፊት ለፊት ሲያዩት ጆሮውና ትከሻው አለ፣ ፊቱ የለም። ፊታቸውን ትንሽ ዞር አድርገው በዓይናቸው ጠርዝ ሲያዩት ግን፣ ነገሩ ትልቅና ቅርብ ከሆነ፣ ብቅ ይላል። ይህን ለማን ተናገሩ? ከባለቤታቸው በቀር ለማንም። ከሥራ ሲወጡም «ጉልበቴን ነው» አሉ። ሕመም በመደበቅ እንደሆነ እኛን የሚያህል የለም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው እንኳ «ትንሽ ወለም ብሎኝ ነው» ይላል።

መዘዙ የመጣው ከዚያ ነው። በእኛ ዘንድ ሰውን በጎን ማየት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። መገላመጥ ነው። እትዬ ማንያህልሻል ለማየት በጣሩ ቁጥር ሰው ተገላመጥኩ ይል ጀመር። ሞርስ ሮድ ላይ ሱቅ ያላት ሀዋ የዌርሃውስ ጓደኛቸው ናት፤ አንዷ ያለ ሌላዋ ምሳ አትበላም ነበር፤ እህትማማች ይመስሉ ነበር። አንድ ቀን ሱቋ ሲገቡ ሀዋ ልታስደንቃቸው ብላ ድምፅ ሳታሰማ እጇን ዘርግታ መጣች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ በርበሬው መደርደሪያ አዞሩና በጎን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ማን እንደሆነች ለመለየት ነበር። የሀዋ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን በደልኳት?» እያለች ለገበያተኛው ሁሉ አወራች። ሌላውም የራሱን ጨመረበት፤ መንገድ ላይ ዘጋችኝ አለ፣ ልጇ ሲያትል ሀብታም ስላገባች ነው የኮራችው አለ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እትዬ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰሙም። ብቻ የሚደውልላቸው ሰው እያነሰ ሄደ።

ከሁሉ የባሰው የቢታንያ ነው። ሲያትል ስትወልድ እናቷ አራስ ሊጠይቁ አልሄዱም። ሕፃኑን ይዤ ብደናቀፍስ፣ ልጄ በአራስነቷ ስለ እኔ ብትጨነቅስ ብለው ነው። አፋቸው ግን «ጉልበቴ» አለ። ለጉልበት ብላ አራስ ልጇን የምትተው እናት የት አገር አለች? ቢታንያ በጣም ከፋት። ከፍቷትም ቢሆን መደወሏን አልተወችም።

«ማሚ፣ ሉክ! ኤልናታን እየሳቀልሽ ነው። ማንን ነው የሚመስለው?» ትላለች።

እሳቸው ስልኩ ላይ የሚታያቸው ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጋሼ ሳህሌ ከኋላ ጠጋ ብለው በጆሯቸው «ቁርጥ አባትሽን» ይሏቸዋል። እትዬ አባታቸውን በጣም ይወዱ ነበር፤ አባታቸው ሲሞቱም እሳቸው እዚህ ስለነበሩ አልቀበሯቸውም። «አባቴን ነው የሚመስለው» ይሉና ስልኩን ይመልሳሉ። የሰውን ልጅ ሁሉ እያዩ ሲፈርዱ የኖሩ ሴት ለገዛ የልጅ ልጃቸው በተዋሱት ዓይን ፈረዱ። ከሕመሙ ይልቅ የሚያንገበግባቸው ይህ ነበር።

ያን ቅዳሜ የሥራ ጓደኛዬን ሳሚርን ይዤ ስደርስ ካርቶኑ በረንዳውን ሞልቶት ነበር። ጋሼ ሳህሌ ሙሽራ እንደመጣላቸው ሰው አጠገቡ ቆመዋል። እኔ ይህን ሁሉ ገና አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄን ሪተርን ያድርጉት» አልኳቸው። «በስድሳ አምስት ኢንች ይቀይሩት፤ በእኔ ቫን እንወስደዋለን።»

«አይመለስም።»

«ሳሎንዎ ጠባብ ነው እኮ! ይሄን የሚያህል ቲቪ ቢያንስ አሥራ ሁለት ጫማ ርቀት ይፈልጋል። የእርስዎ ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ አንድ አይሞላም። በምን በኩል ሊርቁ ነው?»

«እኛ መራቅ አይደለም የምንፈልገው» አሉኝ። «መቅረብ ነው።»

ክንዴን ይዘው ወደ በረንዳው ጥግ ወሰዱኝና ስለ ዓይናቸውና ስለ ሕፃኑ ከላይ ያወራሁላችሁን ሁሉ ነገሩኝ። ከጥቂት ቀናት በፊት ሁለቱ አብረው መጥበሻ ነገር ሊገዙ ሱቅ ሄደው ኖሮ፣ እትዬ በቲቪዎቹ ግድግዳ በኩል ሲያልፉ ድንገት ቆሙ። ትልቁ ላይ አንዲት ወፍ ትታይ ነበር። ፊታቸውን ዞር አድርገው በጎን አዩና «ይቺ ወፍ ዓይኗ ዙሪያው ቢጫ ነው» አሉ።

«ሲራክ፣» አሉኝ ጋሼ፣ ድምፃቸው እየተሰባበረ፣ «የአንድ ፍጡር ዓይን እንዲህ ነው ስትል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! እዚያው ቆሜ ገዛሁት።»

ስለ ርቀት የማውቀው ነገር ሁሉ ለዚያ ቀን ምንም እንዳልሆነ ገባኝ። ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ሥራው ደግሞ ፍዳ ነበር። ካርቶኑ በበሩ ገብቶ በጠባቧ መግቢያ መታጠፍ ስላልቻለ በረንዳው ላይ ፈታነው፤ የውስጡን በር ከነማጠፊያው ነቀልነው፤ ቲቪውን በጎኑ አቁመን፣ ሳሚር ከፊት እኔ ከኋላ፣ ጋሼ ሳህሌ በመሐል ምክር እየሰጡ አስገባነው። የሚችለው ግድግዳ የቡፌው ግድግዳ ብቻ ነበር። ቡፌው ከነስኒው፣ ከነሠርጋቸው ፎቶ መኝታ ቤት ገባ። ግድግዳው የድሮ ልስን ስለሆነ ከኋላው ያለውን እንጨት ለማግኘት በጣቴ እያንኳኳሁ ብዙ ጊዜ ፈጀሁ። በመጨረሻ ተሰቀለ። ቲቪ ተሰቀለ አይባልም፤ ግድግዳው ጠቆረ ነው የሚባለው።

እትዬ ማንያህልሻል ይህ ሁሉ ሲሆን ከማድ ቤት አልወጡም። ነገሩን አልወደዱትም ነበር።

«ሰው ምን ይለኛል?» ይላሉ ድስታቸውን እያማሰሉ። «አሁንስ ጨርሰው ኮሩ አይባልም?»

«ማንያ፣ ልጁን ታይበታለሽ እኮ» አሏቸው ባለቤታቸው።

«ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» አሉና ድስቱን ከደኑ።

የጋሼን ስልክ ከቲቪው ጋር ኮኔክት አድርጌ ቢታንያ ጋ ደወልን። አነሣች። ሕፃኑን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ካሜራውን ወደ ፊቱ አስጠጋችው፤ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ሕፃን ሆነ። ጉንጩ ብቻ ትራስ ያህላል። እኔና ሳሚር ወደ ኋላ አፈገፈግን። እትዬ እጃቸውን እየጠራረጉ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። አዩ። ዞር ብለው ደግመው አዩ።

«ብርሃን አለ» አሉ ቀስ ብለው። «መልክ ግን የለም።»

ጋሼ ሳህሌ ወደ መሬት አዩ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ «ብያችሁ ነበር» ለማለት ያልፈለግኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

እትዬ ግን ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። ያለቅሱ ይሆናል ስንል አንድ የእንጨት ወንበር እየጎተቱ ተመለሱ። ወንበሩን ከቲቪው ሥር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተከሉትና ተቀመጡ። ይሄኔ ሳላስበው አፌ አመለጠኝ።

«እትዬ፣ ራቅ ይበሉ! ዓይንዎ ይጠፋል!»

እናቴ ስትለኝ የኖረችው፣ እኔም ለልጄ በየቀኑ የምለው ነው። ካልኩት በኋላ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ሳሚር ሳሉን ጀመረ። እትዬ ማንያህልሻል ወደ እኔ ዞሩና ሳቃቸው መጣ።

«የቱ ዓይኔ፣ ሲራክ?» አሉኝ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ለማያውቅ ሰው ቲቪውን ያኮረፉ ይመስል ነበር። በጎን፣ በዓይናቸው ጠርዝ፣ ያን ትልቅ ፊት ከግንባሩ ጀመሩ። ቀስ ብለው ወደ ቅንድቡ ወረዱ። ወደ ጆሮው ሄዱ፤ ተመለሱ። ጣታቸው አየር ላይ አብሮ ይሄድ ነበር፤ ሸሚዝ ሲመረምሩ እንደነበረው ማለት ነው።

«ማሚ? ኔትወርኩ ነው እንዴ? አር ዩ ዴር?» አለች ቢታንያ።

«ሳህሌ» አሉ እትዬ፣ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«አቤት።»

«ዋሽተኸኛል።»

ጋሼ ሳህሌ ወደ ወንበራቸው ጠጋ አሉ።

«ይሄ ልጅ ከአባቴ አንዲት ነገር የለውም። አባቴ ይሄን ጆሮ ከየት አመጣ? ከአንተም የለው፣ ከእኔም የለው።» ድምፃቸው እየጨመረ መጣ። «ቁርጥ የአማቻችንን እናት ነው! ይሄው ቅንድቧ! በሠርጉ ዕለት ድንኳኑ ጠበበ ብላ ያኮረፈችበት ቅንድብ፣ ይሄው እንዳለ! ወይኔ ሴትዮዋ፣ ልጄን መውሰዷ አልበቃ ብሏት የልጅ ልጄንም ወሰደችው!»

ይህን ብለው በሳቅ ፈነዱ፤ ሳቁ አልቆ ለቅሶ ሆነ፤ በለቅሶው መሐል እልል አሉ። ጋሼ ሳህሌ አጠገባቸው ተንበርክከው «ደስ ይበልሽ ብዬ ነው፣ ማንያ» ይላሉ። እሳቸው አልሰሟቸውም፤ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ፣ የሕፃኑ ጉንጭ ላይ አሳርፈዋል። እኔ የጣት አሻራ ያበላሻል የምል ሰው ዝም አልኩ። ዓይኔም ደህና አያይም ነበር።

ቢታንያ ነገሩ ግራ ገባት። «ማሚ፣ ዛሬ ገና ነው እንዴ የምታይው?» አለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እትዬ የዚያን ዕለት አንድ በአንድ ነገሯት፤ ዓይናቸውን፣ ጉልበት ብለው የዋሹትን፣ ለምን አራስ ሊጠይቁ እንዳልሄዱ። ቢታንያ ስልኩን የሆነ ቦታ አስቀምጣው መሰለኝ ቲቪው ላይ የቤቷ ጣሪያ ብቻ ይታይ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ይሰማል። «አይ ቶት… የማትፈልጊን መስሎኝ ነበር እኮ ማሚ። ለምን አልነገርሽኝም?» ትላለች እያነባች። እኔና ሳሚር የውስጡን በር ልንገጥም በሚል ሰበብ ወጣን።

ከዚያ ወዲያ ያ ቲቪ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ፊልም ሲታይበት ግን አላየሁም። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ በስልክ ይነሣና ግድግዳው ላይ ይነበባል። ቢል ይነበባል። አንድ ቀን ስገባ ጋሼ ሳህሌ ስልካቸውን ሰፌድ ላይ ደግነው ቆመዋል፤ እትዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቲቪው ላይ ምስር ይለቅማሉ። «እዚያ ጋ! በግራ! ጠጠር!» ይላሉ፤ ጠጠሩ ቲቪው ላይ ድንች ያህላል፤ ጋሼ ጎንበስ ብለው ያነሡታል። ማታ ማታ ደግሞ ከአቧራና ከሰው ዓይን ለመጠበቅ በኪንግ ሳይዝ አንሶላ ይሸፍኑታል። የድሮው ቲቪ ዳንቴል አልበቃውማ።

ኤልናታን ዓመት ሲሞላው ቢታንያ ይዛው ኮለምበስ መጣች። እትዬ ልደቱን ሊንደን ካልተደረገ አሉ፤ ሐሜቱም በመጨረሻ ደርሷቸው ነበርና የራቃቸውን ሰው ሁሉ በራሳቸው አንደበት እየደወሉ ጠሩ። ሀዋንም ጠሩ። «የሠራሁት ሁሉ የጾም ነው፤ ሥጋ ብሎ ነገር የለም፤ እንዳትበይ የሚከለክልሽ ነገር አይኖርም፣ ነይ» አሏት። ሀዋ መጣች፤ ግን በሩ አጠገብ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልትሄድ እንደደረሰች ሰው ተቀመጠች። ሌላውም እንግዳ በዚያ ትልቅ ጥቁር ግድግዳና በእትዬ መሐል ዓይኑን እያመላለሰ ይንሾካሾካል።

ኬኩ ከመቆረሱ በፊት እትዬ ማንያህልሻል ኤልናታንን ታቅፈው ተነሡ። ቤቱ ዝም እስኪል ጠበቁ።

«ብዙዎቻችሁ ተቀይማችሁኛል» አሉ። «ገላመጠችኝ ብላችኋል አሉ። ዓይኔ ፊት ለፊት አያይም። ፊታችሁ ይጠፋብኛል፤ በጎን ሳይ ነው የማገኛችሁ። እየገላመጥኳችሁ አይደለም። እያየኋችሁ ነው። ደብቄ ያስቀየምኳችሁ እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ።»

ከበሩ በኩል የወንበር ድምፅ ተሰማ። ሀዋ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጥላ፣ በሰው መሐል እየተጋፋች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። እንባዋ ይወርዳል።

«በየት በኩል ልቁም?» አለቻቸው።

«በግራዬ። ቀረብ በይ፣ ሀዋ። አሁንም ቀረብ።»

ሀዋ ጉንጯ ጉንጫቸውን እስኪነካ ድረስ ቀረበች። እትዬ ማንያህልሻል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ከግንባሯ ጀምረው ቀስ ብለው ወረዱ። ሀዋ እንደ ሕፃን ጸጥ ብላ ፍርዷን ጠበቀች።

«ከስተሻል እኮ» አሏት። «ማነው አሁን አብሮሽ ምሳ የሚበላው?»